ፈረቃው ያብራራዋል

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ፤ እስካሁን ግን አንድም ሰው በደንብ ያስረዳሁ አይመስለኝም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እናቶች ከበው "ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው ልጄ?" ይሉኛል። "ጥናት ነው እማማ። ሴቱ ከወንዱ ያነሰ ደሞዝ የሚያገኘው ለምን እንደሆነ እናጠናለን" እላለሁ። "ይሄ ደግሞ ምን ጥናት ያስፈልገዋል?" ብለው ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ መኪናዬ ውስጥ ስገባ ግን እናደዳለሁ። መናደድ ለእኔ ሁልጊዜም ቅርብ ነው።

ልዩነት እንዳለማ ማንም ያውቃል። የእኛ ሥራ ልዩነቱን መነጣጠል ነው። ሁልጊዜ የምሰጠው ምሳሌ የአውቶቡስ ነው። እኔና አንቺ በእኩል ሰዓት ከቤት ወጥተን ሲያትል አጠገብ ወዳለችው ወደ ቤልቪው ከተማ ሄድን፤ አንቺ ቀድመሽኝ ደረስሽ እንበል። ከቀደምሽኝ ጊዜ ውስጥ ይህን ያህሉ አንቺ በየፌርማታው የማይቆመውን ኤክስፕረሱን ስለያዝሽ ነው፣ ይህን ያህሉ ደግሞ ቤትሽ ለፌርማታው ስለሚቀርብ ነው እያልን እንቀንሳለን። ይህ "የተብራራው" ክፍል ይባላል። ከአንድ ፌርማታ ተነስተን፣ አንድ አውቶቡስ ይዘን እንኳ የምትቀድሚኝ ከሆነ፣ እሱ "ያልተብራራው" ነው። ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደዚህኛው ነው። በደል የተደበቀው እዚያ ይመስለዋል፤ ሊሆንም ይችላል፣ እኛ ሳንለካው የቀረ ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል። የተብራራውን ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ኤክስፕረሱ ለምን እኔ ሰፈር እንደማይቆም የሚጠይቅ የለም።

ይህን ሁሉ ያኔ እንዲህ አጥርቼ አላውቀውም ነበር። ያስተማረችኝ እህቴ ናት፣ እሷም ሳታስበው።

ነገሩ የሆነው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺህ አስሮቹ ሲጀምሩ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ ቤልቪው ውስጥ አንዲት ትንሽ የጥናት ቢሮ ተቀጥሬያለሁ። ዙሪያችን የመስታወት ፎቅ ብቻ ነው፤ በምሳ ሰዓት ሊፍቱ ውስጥ የሚገባው ሁሉ አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ኢንጂነር ነው። አለቃዬ ሸበቶ ፀጉሯን ወደ ኋላ የምትሰበስብ፣ ረጋ ያለች አሜሪካዊት ነበረች። ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ሰምቼ አላውቅም፤ ይኼ ራሱ ያናድደኝ ነበር። ሰው እንዴት አንድ ቀን እንኳ ጠረጴዛ አይመታም?

አንድ ቀን ጠርታኝ አዲስ ሥራ እንደመጣ ነገረችኝ። ሲያትል ውስጥ የመኪና ማቆሚያዎችን የሚያስተዳድር አንድ ድርጅት፣ ወንድና ሴት ሠራተኞቹ በሚያገኙት ደሞዝ መካከል ስላለው ልዩነት ጥናት ይፈልጋል። የድርጅቱን ስም ስትጠራ ሳቄ አመለጠኝ። እህቴ የምትሠራው እዚያ ነው። እህቴ ብቻም አይደለች፤ ከእኛ ሰው ግማሹ ከአውሮፕላን ወርዶ መጀመሪያ የገባው እዚያ ድርጅት ቡዝ፣ የማቆሚያው ሒሳብ መቀበያ ክፍል ውስጥ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

"እህቴ እዚያ ካሸር ናት" አልኳት።

"ታደዪላታለሽ?"

"መንገድ ካገኘሁ" አልኩ።

አለቃዬ ሳቀችና ዳታው ስም እንደሌለበት፣ እያንዳንዱን ስሌት እሷም ራሷ እንደምታየው ነገረችኝ። በዚህ ተስማምተን ሥራው ተጀመረ።

እህቴ በብዙ ዓመት ትበልጠኛለች። አሜሪካ ያስመጣችኝ፣ ያስተማረችኝም እሷ ናት። ሶዶ በሚባለው የሲያትል ሰፈር፣ ስታዲየሞቹ አጠገብ ያለው ማቆሚያ ነበር የምትሠራው። ጨዋታ ባለ ቀን ሰፈሩ በመኪና ይታነቃል፤ ቢራ የቀማመሰ ሁሉ ቲኬቱን የጣለበትን ይረሳል፤ መውጫው ላይ ክላክሱ ጆሮ ያደነቁራል። እህቴ ከቡዟ ወጥታ መሀል መንገድ ላይ ትቆምና ሁሉንም በእጇ ታስተካክላቸዋለች። ትሁት ሰው አይደለችም። "ይሄን ቦታ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ሱፐርቫይዘሩ እኮ ከእኔ ጠይቆ ነው ሪፖርት የሚጽፈው" ትል ነበር፣ ለሰማትም ላልሰማትም።

ጥናቱ በተጀመረ ሰሞን ሰሜን ሲያትል፣ ኖርዝጌት ያለው የድርጅቱ ማቆሚያ ሱፐርቫይዘር እንደሚፈልግ ተሰማ። ኖርዝጌት ለእህቴ ቤት ቅርብ ነው። ይህን ቦታ ምን ያህል እንደፈለገችው የገባኝ ስለሱ ስታወራ ድምፅዋን ዝቅ ማድረጓን ሳይ ነው፤ ድምፅ ዝቅ ማድረግ የእህቴ ጠባይ አይደለም።

"አፕላይ አድርጊያ" አልኳት።

"ምን ብዬ? ናይት የሠራ ብቻ ነው የሚሉት። እኔ ደግሞ ሁሌም ዴይ ነኝ።"

"የምን ናይት?"

"ሱፐርቫይዘር ለመሆን ናይት ሺፍት ዓመት ምናምን መሥራት አለብሽ። ሩሉ ነው። ሶ እስካሁን ሴት ሱፐርቫይዘር አይተሽ ታውቂያለሽ?" ቀጥላም "ያንቺ ጥናት ይሄን ነገር አያወጣውም?" አለችኝ።

"ያወጣዋል እንጂ" አልኩ። ማን አፌን እንደከፈተው አላውቅም። በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል፤ ካሸር የሆኑ ሴቶች ሁሉ እንደ ጠበቃቸው አድርገው ጉንጬን እያገላበጡ ሳሙኝ።

እዚህ ላይ ስለ ኖርዝጌቱ የገበያ ማዕከል የመኪና ማቆሚያ ሜዳ መንገር አለብኝ፤ ያለሱ ነገሩ አይገባም። የእህቴ ባል ታክሲ ነጂ ነው። ከመጣሁ ጀምሮ ጋሼ እያልኩ በአንተ የማናግረው፣ ወሬ የማያበዛ፣ ምግብ የሚወድ ሰው ነው። ታክሲው የሁለት ሰው ነበር፤ ቀን ሸሪኩ ይነዳል፣ ማታ ጋሼ። ማታውን የያዘው ከድሮ ጀምሮ ነው፤ ለኤርፖርት ሥራ ማታ ይሻላል ይባላል። ታዲያ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ልጆቹን በቤት መኪና ጭኖ ይመጣና ሜዳው ጥግ ላይ ፓርክ ያደርጋል። ሸሪኩ ታክሲውን ይዞ ከች ይላል። እህቴ ከሶዶ በአውቶቡስ ትደርሳለች። ሸሪኩ የታክሲውን ቁልፍ ለጋሼ ይሰጣል፤ ጋሼ ደግሞ የቤቱን መኪና ቁልፍ ከነልጆቹ ለእህቴ ያስረክባል። ልጆቹ ምን እንደበሉ፣ ምን እንደተረፋቸው፣ የትኛው በምን እንዳኮረፈ በአንድ ትንፋሽ ይነግራትና ይሄዳል። ሸሪኩ ሰፈሩ እዚያው ስለሆነ በእግሩ ወደ ቤቱ ያዘግማል።

እኛ ይህን ቅብብል እንለዋለን። የእህቴ ቤት ብቻ አይደለም፤ በዚያ ሰዓት ሜዳው ላይ ብትቆሚ ሌሎችም የእኛ ባልና ሚስቶች ሲቀባበሉ ታያለሽ። ልጅን ሰው ጋር ማስቀመጥ የአንድ ሰው ደሞዝ ይበላል፤ ስለዚህ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። አንዴ የሜዳው ጥበቃ፣ እዚህ ጥግ ላይ በየቀኑ የሚሸጠው ምንድን ነው ብሎ ቀስ እያለ ሲጠጋ አይቻለሁ። ያገኘው እንቅልፍ የጣለው ሕፃንና የምሳ ዕቃ ነው። አፍሮ ሄደ።

እኔም ተማሪ ሳለሁ ስንቴ እዚያ ሜዳ ላይ ልጆቹን ተቀብያለሁ። ማን ማታ ይሥራ፣ ማን ቀን ይሥራ የሚለው ግን አንድ ቀን በአእምሮዬ ውል ብሎ አያውቅም። እንደ ሲያትል ዝናብ፣ ያለ ነገር ነበር።

ውጤቱ የመጣው አንድ ረቡዕ ነው። ልዩነቱ አለ፤ ትልቅ ነው፤ እስከዚህ እኔ ልክ ነበርኩ። ቀጥሎ ነጣጠልኩት። በድርጅቱ የቆዩበት ዘመን ከልዩነቱ ትንሽ ቀነሰ፤ የእንግሊዝኛ ችሎታም ትንሽ ቀነሰ። የሌሊት ፈረቃን ሳስገባ ግን የቀረው ሁሉ ተጠራርጎ ሄደ። ሌሊት የሚሠሩት ወንዶች ናቸው፤ ሌሊት የተሻለ ይከፈላል፤ ወደ ሱፐርቫይዘርነትም የሚወስደው ሌሊት ነው። ሁሉንም ፈረቃው ያብራራዋል። ያልተብራራው ይህ ነው የሚባል አልነበረም።

አለቃዬ ከኋላዬ ቆማ ስክሪኑን አየችና "ንጹሕ ውጤት ነው" አለች።

ንጹሕ የሚለው ቃል አንጀቴን አሳረረው። ስሌቱ ጸድቷል ማለቷ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን የእህቴን ቡዝ ሙልጭ አድርጋ ያጠበችው መሰለኝ። ያን ከሰዓት ያላደረግኩት ነገር የለም። ፈረቃውን ከስሌቱ ሳወጣው ያልተብራራው ክፍል ያብጥና የእህቴ ጠበቃ እሆናለሁ፤ ስመልሰው ይሟሟል። አወጣሁ፣ መለስኩ፣ አወጣሁ። በመጨረሻ ወደ አለቃዬ ክፍል ገባሁ።

"ፈረቃውን ብንተወውስ?"

"ለምን?"

"ስላልወደድኩት።"

"ያ ምክንያት አይደለም" አለች፣ በዚያው በማያረጅ ትዕግሥቷ። "የሌሊት ሥራ የተሻለ እንደሚከፈል እያወቅሽ የለም ብለሽ ልታስቢ ነው?"

ልክ ነበረች። ፈረቃውን ማውጣት ማለት ኤክስፕረስ የሚባል አውቶቡስ የለም ብሎ መዋሸት ነው። ግን ለቀቅ አላደረግኳትም። "እሺ፣ ፈረቃውን ማን አከፋፈለው? ሴቶቹ ቀን ላይ የተገኙት በምን ምክንያት ነው?"

"ዳታው አይነግረንም።"

"ታዲያ አብራራነው እንዴት እንላለን?"

መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። "ሂሳቡ የሚጠቀምበት ቃል ነው። ቃሉ ምን ማለት እንዳልሆነ ለአንባቢ መጻፍ የአንቺ ፋንታ ነው።" ያኔ ሽንፈት መስሎኝ ጉርምርም እያልኩ ወጣሁ። አሁን ሳስበው በሙያዬ የተነገረኝ ትልቁ ምክር እሱ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አገኘሁ። እንዲህ ያለ ስሌት ሁለት መስፈሪያ አለው፤ የሌሊት ሥራ ምን ያህል ያወጣል የሚለውን ወንዶቹ ከሚከፈላቸው ተነስተሽ መስፈር ትችያለሽ፣ ወይም ሴቶቹ ከሚከፈላቸው። እኔ የሰፈርኩት በወንዶቹ ነበር። በሴቶቹ ስሰፍረው ሌሊቱ ረከሰ፤ ሌሊት የሠሩት ጥቂት ሴቶች ሌሊቱ እንደ ወንዶቹ አላሳደጋቸውም ነበርና። ስለዚህ የተብራራው ክፍል አነሰ፣ ያልተብራራውም ብቅ አለ። አንዱ ልክ፣ አንዱ ስህተት አይደለም፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ይለያያል። ሁለቱንም ሪፖርቱ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥን። ከዚያ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፍኩ፤ ተብራርቷል ማለት ከየት እንደመጣ ታወቀ ማለት ነው እንጂ፣ ተገቢ ነው ማለት አይደለም፤ አልተብራራም ማለትም በደሉ ተረጋገጠ ማለት አይደለም የሚል። አለቃዬ አሳፋሪ፣ ግፍ፣ ዓይን ያወጣ የሚሉትን ቃላት ሁሉ ሰርዛ የቀረውን አሳለፈችው።

ሪፖርቱን ያቀረብነው ሶዶ ያለው የድርጅቱ ቢሮ ነው፣ መጋዘኖቹ መሀል። የዕቃ ባቡር ባለፈ ቁጥር ጠረጴዛው እየተንቀጠቀጠ ሁላችንም አፋችንን ዘግተን እንጠብቃለን። ሥራ አስኪያጁ ዶናት ገዝቶ የጠበቀን ተግባቢ ሰው ነበር፤ እኔ ደግሞ የምጠላው ሰው ፈልጌ ነበር የሄድኩት። ገጹን ገልጦ አየና ትከሻው ወረደ፣ ተገላገለ።

"እንግዲህ ተብራርቷል" አለ።

የአውቶቡሱን ምሳሌ ነገርኩት። ሰማኝ፣ እውነትም ሰማኝ። ከዚያ እንዲህ አለ፤ "የሌሊቱ ሥራ ለማንም ክፍት ነው። ማስታወቂያ እንለጥፋለን፤ ሴቶቹ አይመዘገቡም። እኔ ምን ላድርግ?"

ስለ ቅብብል ነገርኩት። ታክሲው፣ ቁልፉ፣ ልጆቹ፣ ሁሉም ሜዳው ላይ እንዴት እንደሚተላለፍ። በተመስጦ ሰምቶኝ ሲያበቃ "ታዲያ ሌሊቱን የያዙት ባሎቹ የሆኑት በምን ምክንያት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"የታክሲ ሥራ እንደዚያ ነው" አልኩ፣ ነገሩን ጠንቅቃ በምታውቅ ሰው ድምፅ። የዕቃ ባቡሩ አለፈ። እሱም አልገፋበትም።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ አለቃዬ ጠራችኝ። ድርጅቱ የሌሊቱን ግዴታ አላነሳም፤ ሌሊት የሚደርስ አደጋ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገኛል ብሏል። ግን አንድ በር ከፍቷል። ከእንግዲህ ሌሊት ለመሥራት የሚመዘገብ ልምድ ያለው ሠራተኛ ወዲያው በተጠባባቂ ሱፐርቫይዘርነት ሊመደብና የሚፈለግበትን ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ሆኖ ሊጨርስ ይችላል። ኖርዝጌትም ተካቷል። ምዝገባው ሰኞ ነው። ከቢሮው እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

እሑድ ምሳ እህቴ ቤት ነበርን። የእሑድ ምሳ እዚያ ቤት ፓስታ ነው፤ ልጆቹ ሌላ ነገር አይቀምሱላትም፣ ጋሼ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ሁሉም ሳህኑ ላይ ካቀረቀረ በኋላ የምሥራቹን አወጣሁት። እህቴ መጀመሪያ ፊቷ በራ። ልጅ ሆና አይቻት አላውቅም፣ ያኔ ግን ልጅ ሆነች። ከዚያ ያ ብርሃን ሲከስም አየሁት።

"አልችልም" አለች።

"ምን ማለት ነው አልችልም?"

"ከልጆቹ ጋር ማን ያድራል?"

"ጋሼ ይደራ።"

"ጋሼ ናይት ነው።"

"ቀን ይሁና።"

"ታክሲው እኮ የሁለት ሰው ነው። ያ ሰውዬ ዴዩን ይዟል፤ ዝም ብሎ ውጣ ይባላል እንዴ? ደግሞ ኤርፖርቱስ?" እንዲህ እያለች ፓስታውን በሹካዋ ታንከባልላለች። "ተይው። ሌላ ጊዜ ይከፈታል።"

ደሜ ፈላ። ጥናቱ፣ ሁለቱ መስፈሪያዎች፣ የተሰረዙብኝ ቃላት ሁሉ አንድ ላይ መጡብኝ። ወደ ጋሼ ዞርኩ። ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ እኩልነት፣ ስለ እህቴ ዕድሜ፣ ስለዚያ ሜዳ የምለው ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ተሰልፏል።

"ጋሼ፣ አንተ ቀን ብትሠራ ምን ትሆናለህ?" አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ መሰለኝ ልጆቹ ሁለቱም ቀና አሉ።

ጋሼ አላምጦ ጨረሰ። "ምንም አልሆንም" አለ።

"ኤርፖርቱስ?"

"ኤርፖርቱ ቀንም አለ። ድሮ ነበር ማታ የሚሻለው።" አፉን በናፕኪን ጠረገና ስልኩን ከኪሱ አወጣ። "ቆይ እስቲ፣ እሱን ኮል ላድርገው።"

ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ሳህኑ አጠገብ አስቀመጠው። የሸሪኩ ድምፅ መጣ።

"ወንድሜ፣ ናይቱን ትወስድልኛለህ? እኔ ዴይ ልሁን" አለው ጋሼ።

"ከመቼ?"

"ከነገ።"

"ኦኬ። እኔስ ተመስገን ነው የምለው፤ በጨለማ መነሳት ገድሎኛል። አንተ ናይቱን የምትወደው መስሎኝ እኮ ነው ዝም ያልኩት።"

"ኧረ አልወደውም። በቃ ኦኬ። ሰላም ዋል" አለና ስልኩን ዘጋው። ከዚያም ሹካውን አነሳ።

ጉሮሮዬ ላይ የተሰለፈው ሁሉ መውጫ አጣ። ትንሿ ልጅ "ማሚ፣ ካን አይ ሀቭ ሞር ቺዝ?" አለች፣ ቺዝ እንዲጨመርላት።

እህቴ ባሏን ትኩር ብላ አየችው። "ናይት አትወድም?"

"ናይት ማን ይወዳል? ዴዩን አንቺ የምትፈልጊው መስሎኝ እንጂ።"

"እኔ ፈልጌዋለሁ ብዬህ አውቃለሁ?"

አሰበ። "አላልሽኝም" አለ። "ግን ቀይር ብለሽም ጠይቀሽኝ አታውቂም።" ክፋት አልነበረበትም፤ የሆነውን ነው የተናገረው። ቺዙን ለትንሿ ልጅ አቀበላት።

እኔ መሳቅ ጀመርኩ። አላስችል አለኝ። ያን ሁሉ ሳምንት ከስሌት ጋር ስታገል፣ ሥራ አስኪያጁን የታክሲ ሥራ እንደዚያ ነው ብዬ ሳስተምር፣ ነገሩ ለካ ፓስታው ሳይቀዘቅዝ በአንድ ስልክ የሚያልቅ ነበር። ጋሼም ሲያየኝ ሳቀ። ልጆቹም በማያውቁት ነገር ሳቁ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ የሚል ታሪክ ነው። እህቴ በማግስቱ ተመዘገበች፤ ኖርዝጌትንም ያዘች። ከዚያ ወዲህ የቤታቸው ቅብብል ተገለበጠ፤ ቁልፉንና ልጆቹን የሚቀበለው ጋሼ ሆነ፣ ፀጉር መሥራትም በግዱ ለመደ። ድርጅቱ ውስጥም ሌሎች ሴቶች በዚያው በር ገቡ። እማማዎቹ ዛሬም ጉንጬን ይስሙኛል፣ እኔም የማይገባኝን መሳም እቀበላለሁ።

ያን እሑድ ግን ስንስቅ እህቴ አልሳቀችም። ወንበሯን ገፋ አድርጋ ተነሳችና ወደ በረንዳው ወጣች። ምስጋና ልቀበል ተከተልኳት። እጆቿን አጣምራ ታች የቆሙትን መኪናዎች ታያለች፤ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። ደነገጥኩ። እህቴን እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም።

"ደስ አላለሽም?" አልኳት።

"ብሎኛል" አለች።

አጠገቧ ቆምኩ። መናገር ስትጀምር ወደ እኔ አልዞረችም።

"ቡዙ ውስጥ ብቻዬን ነኝ አይደል፣ መኪና ካልመጣ ሰው የለም። ስንት ዓመት ሙሉ እዚያ ቁጭ ብዬ ከእሱ ጋር በሆዴ ስጨቃጨቅ ነው የኖርኩት። ሺፍት ቀይርልኝ እለዋለሁ፤ እምቢ ይለኛል። እኔም ሰው ነኝ እለዋለሁ፤ ይቆጣል፣ ትቶኝ ይወጣል። ሁሌም እሱ ነው የሚያሸንፈኝ። ከዚያ አውቶቡስ ይዤ ኖርዝጌት ስደርስ፣ አኩርፌው፣ ፊቱን ሳላይ ቁልፉን እቀበለዋለሁ። እሱ እኮ ለምን እንደማኮርፍ እንኳ አያውቅም።"

ባሏ ከውስጥ ፓስታው እንዳይቀዘቅዝባት ጠራት። ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

"እምቢ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር" አለችና ገባች።